እንከኔን ሳትነግሩኝ አትውጡ

ጡረታ የወጣው መምህር ምላጭ በሚሏት ሴት ፀጉር ቤት የጓሮ በር ብቅ ሲል ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶት ነበር። ግራ ቀኙን ቃኘና ሹልክ ብሎ ገባ።

«ላወልቀው ነው፤ ግን እንዳትስቂ» አላት።

ባርኔጣው ሲነሳ ምላጭ ከንፈሯን ነከሰች። ከመምህሩ ጭንቅላት ኋላ፣ ከአንዱ ጆሮ እስከ ሌላው ድረስ፣ ፀጉሩ ደረጃ ሠርቷል። በግራ በኩል ደግሞ ከጆሮው በላይ አንድ እፍኝ የሚሆን ፀጉር ማንም ሳይነካው ቀርቷል።

«ባለቤቴ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹ደረጃውስ ተሠራ፤ ፎቁ መቼ ነው የሚሠራው?› አለችኝ።»

«ጋሽ መስመር ነው የቆረጠዎት?»

«ሌላ ማን አለኝ? ለሠርጌ የቆረጠኝ እሱ፣ ልጆቼን የቆረጠ እሱ። ጨርሶ መስታወቱን ከኋላዬ ያዘልኝና ‹እንዴት ነው?› አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

መምህሩ ባርኔጣውን በእጁ አሽከረከረ። «‹እጅህ ይባረክ› አልኩት።»

«እውነቱን ለምን አልነገሩትም?»

«አንቺ ትነግሪዋለሽ?»

ምላጭ መልስ አጣች፤ ይህ ደግሞ በሠፈሩ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ነው። ምላጭ የሚለውን ስም ያወጣላት ሥራዋ ሳይሆን አፏ ነበር። ራሰ በራ ሲመጣ «ምን ልቁረጥልህ፣ ተስፋህን?» ብላ የምትቀበል፣ ባለሥልጣን ወንበሯ ላይ ሲቀመጥ «ይሄን ጢም ማን መከረህ?» የምትል ሴት ናት። ሰዎች ግማሹን የሚመጡት ፀጉር ለመቆረጥ፣ ግማሹን ደግሞ ለመሰደብ ነበር።

ጋሽ መስመር ፊት ግን ምላሷ ይታሰራል። ገና ልጃገረድ ሳለች ሥራ ፍለጋ ወደ ፀጉር ቤቱ ስትገባ፣ ተራ የሚጠብቁት ወንዶች ሁሉ ሳቁባት። እሱ ብቻ አልሳቀም። «መቀስ የያዘውን ሰው ጾታ አይጠይቅም» አለና መጥረጊያ ሰጣት፤ ቀጥሎ ማበጠሪያ፣ ቀጥሎ መቀስ። ስትሳሳት በማበጠሪያው ጀርባ የእጇን አንጓ መታ ያደርግና ደንበኛው እየሰማ «እዚህ ጋ አስቀርተሻል» ይላታል። ያኔ እልህ ይዟት ቤቷ ገብታ ታለቅስ ነበር። ኋላ ግን ገባት፤ ጥፋቷን ፊት ለፊት የሚነግራት ሰው ለነገዋ የሚያስብላት ሰው ነው። አንድ መንገድ ተሻግራ የራሷን ቤት ስትከፍትም የመጀመሪያውን ደንበኛ ጭንቅላት በጣቶቹ ዳስሶ የመረቃት እሱ ነበር። ተቀናቃኙን የሚመርቅ ሰው ስንት አለ? ጋሽ መስመር የሚለውን ስም ደግሞ ያገኘው ማጅራት ላይ ያለ ማስመሪያ በሚያሰምረው ቀጥ ያለ መስመር ነው።

አሁን ግን ዓይኑ ከዳው። ዳር ዳሩን ያያል፤ መሃል መሃሉን ጭጋግ ይዞታል። ሰው ፊቱ ሲቆም ጆሮውንና ትከሻውን ያያል፤ ፊቱ ያለበት ቦታ ላይ ግን ምንም የለም። በሌላ ከተማ የምትኖር አንድ ልጅ አለችው፤ እሷ «ሐኪም ጋ እንሂድ» ስትለው «ዓይኔ ቢደክም ጣቴ አልደከመም፤ ደንበኞቼን ጠይቂ» ይላታል። ደንበኞቹ ሲጠየቁ በአንድ አፍ «እጁ ይባረክ!» ይላሉ። እሷም ምን ታድርግ፣ አምና ትመለሳለች።

ምላጭ መምህሩን አስቀመጠችና ደረጃውን አፈረሰችው። «ለማንም እንዳይናገሩ» አለችው ሲወጣ። እሱም ቃሉን ጠብቆ ለአንድ ሰው ብቻ ተናገረ።

ብዙም ሳይቆይ የጓሮ በሯ ከፊት በሯ የበለጠ ሥራ በዛበት። ጋሽ መስመር የቆረጣቸው ሽማግሌዎች አንድ በአንድ፣ አንዱ ባርኔጣ ደፍቶ ሌላው ፎጣ ተከናንቦ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ይመጣሉ። ምላጭ ታስተካክላለች። አጥብቃ ግን አታሳምርም፤ ጋሽ መስመር በሌላ ቀን ሲዳስሰው የሌላ ሰው እጅ እንዳለበት መጠርጠር የለበትም። ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ሲገናኙ «ተጠገንክ?» ይባባላሉ። አንዳቸውም ፀጉር ቤት አልቀየሩም፤ አንዳቸውም የጋሽ መስመርን ተራ አላሳለፉም። ለወዳጃቸው ደግ የሠሩ መስሏቸው ነበር፤ ለምላጭም እንደዚያው። ሠፈሩ በሙሉ ያወቀውን እሱ ብቻ ሳያውቅ ቀረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጋሽ መስመር በፊት ለፊቱ በር ገባ።

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ከጋሽ መስመር ወንበር ከተነሳ ገና ሰዓት አልሞላውም። ሾፌሩ ድምፁ የሚታወቅ ሰው ነው፤ በሥራ ዘመኑ ያለ ጥሩምባ መንገድ ያስለቅቅ ነበር ይሉታል። አሁን ግን ትንፋሹን ዋጠ።

«ደህና ዋልሽ ልጄ» አለ ጋሽ መስመር። «ቶንዶሴ ዘይት ጠምቶት ይጮህብኛል፤ ጠብታ ካለሽ ብዬ ነው። ደንበኛ ይዘሻል እንዴ?»

«አዎ ጋሼ። እ… እንግዳ ሰው ነው። ለሥራ ጉዳይ ከሌላ አገር የመጣ።»

«እንኳን ደህና መጡ።»

ሾፌሩ ቢናገር ጉድ ሊፈላ ነው። ስለዚህ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ በጨርቁ እንደተጀቦነ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ተመልሶ ተቀመጠ። የማያየው ሰው ፊት እንዲህ መጎንበሱ ለማን ብሎ እንደሆነ እሱ ራሱም አያውቅም።

«ዝምተኛ ናቸው» አለ ጋሽ መስመር።

«ጉሮሯቸውን አሟቸው ነው» አለች ምላጭ። ውሸት አንዴ ከጀመሩት ዘመዱን ይጠራል።

«እግዜር ይማርዎት። መቼም ይፈቅዱልኛል፤ ይቺ ልጅ ተማሪዬ ናት፣ ሥራዋን ሳላይ ከሄድኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።» ይህን እያለ እጁን ዘርግቶ ወደ ወንበሩ ተጠጋ። ምላጭ ልታስቆመው ፈለገች፤ ግን በምን ምክንያት?

ጣቶቹ ከግንባር ተነሱ። አናት ላይ ወጡ፣ ወደ ቀኝ ጆሮ ወረዱ። ከጆሮው ኋላ፣ ሾፌሩ በወጣትነቱ የአውቶቡስ በር መትቶት የቀረ ጉብታ አለ። ጣቶቹ እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ግራ ተሻገሩ። ምላጭ ያስተካከለችው ክፍልና ገና ያልደረሰችበት ክፍል የሚገናኙበትን ቦታ አገኙት። አንዴ ወዲያ፣ አንዴ ወዲህ ተመላለሱበት።

«እንግዳው ዛሬ ጠዋት እኔ ጋ ነበሩ» አለ ጋሽ መስመር በቀስታ።

«ጋሽ መስመር…» አለ ሾፌሩ፣ «ለደግ ብለን እኮ…»

«ጉሮሮህ ተሻለህ?»

ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። ጋሽ መስመር ፊቱን ወደ ምላጭ መለሰ። «እሱ ብቻ ነው?»

«አይደለም ጋሼ።»

«መምህሩም?»

«ሁሉም።»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቢጮህባት፣ ያገኘውን አንስቶ ቢወረውርባት ይሻላት ነበር። እሱ ግን እጆቹን በኮቱ ጠረግ ጠረግ አደረገና «ያኔ በማበጠሪያ የመታሁሽ እንድትዋሺኝ ነበር እንዴ?» ብቻ ብሎ ወጣ። በሩን ሲያልፍ ትከሻው ከመቃኑ ተጋጨ። ሮጣ ክንዱን ልትይዘው ስትል ነጥቆ አስጣላት።

በማግስቱ ፀጉር ቤቱ አልተከፈተም። በሦስተኛው ቀንም አልተከፈተም። ሾፌሩ ደጁ ድረስ ሄዶ አንኳኩቶ ነበር፤ «እንግዳ አላስተናግድም» የሚል መልስ ከውስጥ መጣለት።

ከሳምንት በኋላ ልጁ መጣች። አባቷን ወደ ቤቷ ልትወስደው ዓመት ሙሉ ስትለምነው ኖራለች። እሱ ደግሞ በራሱ ሲቀልድ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ ይሸኛት ነበር። አሁን ግን ገና አፏን ስትከፍት «እሺ» አላት። ምላጭ ይህን «እሺ» ስትሰማ ከቁጣው የበለጠ አስደነገጣት። ጋሽ መስመር እሺ የሚል ሰው አልነበረም።

ልጁ ደግ ልጅ ናት፤ ደግነቷ ግን ለአባቷ እጅ ሥራ አያስቀርም። ሻዩን ቀድታ፣ አቀዝቅዛ፣ ብርጭቆውን መዳፉ ውስጥ ታስቀምጥለታለች። ዳቦውን ትቆርስለታለች። ጎንበስ ብላ የጫማውን ማሰሪያ ታስርለታለች። እሱም ባስቀመጡት ቦታ ቁጭ ይላል፤ ሬዲዮ እንኳ ካልከፈቱለት አይከፍትም። ውጪ ደግሞ ሠፈሩ ጎፈሬያም ሽማግሌ ሞላው። ምላጭ «ኑ ልቁረጣችሁ» ብትል አንዳቸውም አልመጡም። «አፍረናል» አላት መምህሩ ባጭሩ።

ምላጭ ሁለት ቀን በሐሳብ ስትብሰለሰል ከረመችና በሦስተኛው ሱቋን ዘግታ ወደ ዓይን ክሊኒክ ሄደች። እዚያ ዓይናቸው የደከመ ሰዎች በቀረቻቸው ብርሃን ሥራቸውን እንዲሠሩ የምታሠለጥን ባለሙያ አለች ሲባል ሰምታለች። ባለሙያዋ ነገሩን ከሥር መሠረቱ አዳመጠችና «ስህተቱ በትክክል ምኑ ላይ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

ምላጭ መናገር ጀመረች። የትኛው ጎን፣ የትኛው ቦታ፣ የማን ጭንቅላት፣ ምን ዓይነት ፀጉር። ስትናገር እሷም ገረማት፤ ስትጠግን የከረመችው ሁሉ አንድም ሳይጎድል ጭንቅላቷ ውስጥ ተቀምጧል።

«ይህን ለእሳቸው ነግረሻቸዋል?» አለች ባለሙያዋ።

«አልነገርኳቸውም።»

«ታዲያ ለኔ ምን ያደርግልኛል? መጀመሪያ ለባለቤቱ ንገሪ፤ እኔ እመጣለሁ።»

ቤቱ ስትደርስ በሩን ልጁ ከፈተችላት። ጋሽ መስመር ግድግዳ ጥግ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እግሩ ሥር ግማሽ የሞላ ሻንጣ ተከፍቷል።

«ይቅርታ ልትጠይቂኝ ከሆነ ተይው» አላት፣ ድምፅዋን ሳይሰማ በአረማመዷ ለይቷት።

«ይቅርታውን ሌላ ቀን እጠይቃለሁ። ዛሬ ጥፋትህን ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

«አንቺ!» አለች ልጁ። «ያቆሰላችሁት አንሶ ነው?»

«ተያት» አለ አባቷ።

ምላጭ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ከግራ ጆሮ በላይ ታስቀራለህ። ሁልጊዜ። ኋላ ላይ ደረጃ ትሠራለህ። የቶንዶሱን ማበጠሪያዎች ቁጥር እያምታታህ በረጅሙ የጀመርከውን በአጭሩ ትጨርሳለህ። የሾፌሩን የማጅራት መስመር እንደ ወንዝ አጣመምከው። ሽበታሞቹን ሁሉ ታበላሻለህ፤ ጥቁር ፀጉር ያላቸውን ወጣቶች ግን አንዴም አላበላሸህም። መምህሩን ስትላጨው አገጩን ቆርጠኸዋል፤ ‹ብጉር ነው› ብሎ ዋሸህ። እኔም ዋሸሁህ። ከሁሉም የከፋሁት እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም የሁሉንም ጭንቅላት ያየ ሌላ ሰው አልነበረም።»

መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ተሰበረ።  ልጁ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች፤ ይህን ሁሉ የሰማችው ገና ዛሬ ነው።

 ጋሽ መስመር በሥራ ቦታ የሚናገርበት ድምፅ ተመለሰለት። «ግራው ሁልጊዜ ነው አልሽ?»

«ሁልጊዜ።»

«መስኮቱ በስተቀኝ ነው» አለ ለራሱ እንደሚናገር። «በግራ ብርሃን የለኝም። ሽበታሞቹ… ሽበታሞቹ ደግሞ የማስርላቸው ጨርቅ ነጭ ነው። ነጭ በነጭ ላይ!» ከወንበሩ ተነሳ። ተቀመጠ። መልሶ ተነሳ። «ይህን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ምን ነበረበት? ሁላችሁም ‹እጅህ ይባረክ› ስትሉኝ፣ እንግዲያው ዓይኔ ገና ይበቃኛል ብዬ ሐኪም ሳላይ ቀረሁ። ያከበራችሁኝ መስሏችኋል። ከሰው ተራ ነው ያወጣችሁኝ። ሰው ለሆነ ሰው እኮ ጥፋቱ ይነገረዋል።»

«ልክ ነህ ጋሼ» አለች ምላጭ፣ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። ስለ ዓይን ክሊኒኳ ባለሙያም ነገረችው።

«የክሊኒኳን ሴትዮ ጥሪያት» አላት።

የሚገርመው፣ ባለሙያዋ ይዛው የመጣችው ቦርሳ ውስጥ ተአምር አልነበረም። አንገቱ የሚታጠፍ መብራት ነበር፤ በግራ በኩል፣ ዓይን ውስጥ ሳይሆን ጭንቅላት ላይ እንዲያበራ አድርጋ አቆመችው። ሽበታም ሲቀመጥ የሚታሰር ጥቁር ጨርቅ ነበር። ለቶንዶሱ ማበጠሪያዎች ደግሞ የጥፍር ቀለም አወጣች፤ በእያንዳንዳቸው ጀርባ ላይ ጠብታ ጠብታ አስቀምጣ ሲደርቅ በጣት ተዳስሶ የሚነበብ ሆነ። «በዚህ ዕድሜዬ ጥፍር ቀለም!» አለ ጋሽ መስመር፣ ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ።

«አባባ፣ የሚፈልጉትን ነገር ፊት ለፊት አይዩት» አለችው ባለሙያዋ። «ጆሮውን ለማየት ትከሻውን ይዩ። የዓይንዎ ዳሩ ደህና ነው፤ በእሱ ይጠቀሙ።» ለልጁም ድርሻዋን ሰጠቻት። «እጃቸውን ይዘው አይጎትቷቸው፤ ክንድዎን ይስጧቸውና እሳቸው ይያዙ። ሻዩን ራሳቸው ይቅዱ። ቢፈስ ጠረጴዛ ይጠረጋል።» ልጁ መጀመሪያ ላይ ሻይ በተቀዳ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍን ነበር።

አንድ ነገር ጋሽ መስመር ማንም ሳይነግረው በራሱ ተወ። የመላጫውን ምላጭ በጨርቅ ጠቅልሎ ለምላጭ ሰጣት። «ፀጉር ቢበላሽ ያድጋል፤ ጉሮሮ አያድግም። የሚላጭ ሲመጣ አንቺ ትላጪዋለሽ» አላት። እሷም ተቀበለችው።

ልጁ ግን ልቧ አልረጋም። ፀጉር ቤቱ ሊከፈት ሲል ሽማግሌዎቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት በሩ ላይ ቆመች። «እኔንም እኮ ዋሽታችሁኛል» አለቻቸው። «በጠየቅኳችሁ ቁጥር ‹እጁ ይባረክ› ብላችሁኛል። አሁን ማንን ልመን? ሥራውን በእውነት የሚሠራ ከሆነ እዚሁ በቤቱ ይኑር፤ ደስ ይለኛል። በእናንተ ይሉኝታ የሚኖር ከሆነ ግን የእረፍት ፈቃዴ ሲያልቅ ይዤው እሄዳለሁ።»

መልስ የሰጣት አባቷ ነው። «ሰምታችኋል» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ወንበር የሚነሳ ሁሉ እንከኔን ሳይነግረኝ አይወጣም። ሕጉ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ማነው?»

ሾፌሩ ራሱን አቀረበ፤ ዕዳ እንዳለበት ያውቃል። ጋሽ መስመር ቀስ እያለ፣ ትከሻ እያየ ጆሮ ዙሪያ እየቆረጠ፣ በየመሃሉ በጣቱ እየመረመረ ጨረሰ። መስታወቱን ያዘና «እንዴት ነው?» አለ።

«እጅህ ይባረክ!» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ። ልማድ ክፉ ነው።

«ያስጠላል» አለች ምላጭ።

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። እሷ ግን ወደ ወንበሩ ተጠግታ የጋሽ መስመርን ጣት ያዘችና ቦታው ላይ አስቀመጠችው። «እዚህ ጋ አስቀርተሃል። መስመሩም ወደ ቀኝ ሸሽቷል።»

ጋሽ መስመር ፊቱ ቀላ። ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ ሾፌሩን ትከሻውን ተጭኖ መልሶ አስቀመጠው። «ተቀመጥ፤ ገና አልጨረስኩም» አለው።

ከዚያ በኋላ ምላጭ በየቀኑ የምሳ ሰዓቷን ሰውታ መንገዱን ትሻገራለች። ጭንቅላት ታገላብጣለች፣ የታያትን ትናገራለች። አንዳንዴ ይናደድባታል፤ «አፍሽን ያዢ!» ይላታል፤ ግን ተመልሶ ያስተካክላል። ሽማግሌዎቹም ቀስ በቀስ እንከን መናገር ጣማቸው። የሚሉት ሲያጡ በመብራቱ ያማርራሉ፣ ወንበሩ ወገብ ይቆርጣል ይላሉ። አንዱ «ምሳህ ላይ ሽንኩርት በዝቷል» ሲለው ጋሽ መስመር «ከፀጉር ጋር አይገናኝም፤ ግን ተቀብያለሁ» ብሎ መለሰለት። ቤቱ እንደ ድሮው በሳቅ ይሞላ ጀመር። እንከኖቹም አነሱ፤ አንድ ቀን ደረጃ ጠፋ፣ ሌላ ቀን ግራው ከቀኙ እኩል ሆነ።

የልጁ ፈቃድ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው መምህሩ ነበር። ልጁ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለት ሻንጣ፣ የእሷና የአባቷ፣ ከእግሯ ሥር አለ። ሻንጣዎቹን ሁሉም አይቷቸዋል።

ጋሽ መስመር ጊዜ ወሰደ። ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ነጭ ፀጉር ረገፈ። ሲጨርስ መስታወቱን አነሳ። «እንከኔ?»

መምህሩ ራሱን አገላብጦ አየ። በእጁ ዳሰሰ። «የለም» አለ።

«አትዋሸኝ!»

«አጣሁ እኮ ጋሽ መስመር! ባለቤቴ ደጅ ትጠብቀኛለች፣ ልሂድበት።»

«ሳትነግረኝ አትወጣም።»

መምህሩ በሩ ላይ እንደተገተረ ቀረ። ወደ ውስጥ አይመለስ፣ ወደ ውጪ አይሄድ። በመጨረሻ ሾፌሩ በዚያ በሚታወቀው ድምፁ መንገዱን አሻግሮ «ምላጭ!» ብሎ ተጣራ። እሷም የሳሙና አረፋ በእጇ እንደያዘች እየሮጠች መጣች።

ሁኔታውን አየች። ሻንጣዎቹን አየች። አረፋውን በሽርጧ ጠርጋ መምህሩን ወደ መብራቱ አዞረችው። ከግራ ጆሮ ጀመረች። ደኅና ነው። ወደ ኋላ አለፈች፣ ደረጃ የለም። ማጅራቱ ላይ ጎንበስ አለች፤ መስመሩ ቀጥ ብሏል።  እንደገና ከመጀመሪያው ተነሳች፤ አንዲት እንከን፣ ጥፍር የምታህል፣ እንድታገኝ ጸለየች። ምክንያቱም «የለም» ብትል ማን ያምናታል? ስንት ጊዜ ዋሽታዋለች! አንዲት ትንሽ ጥፋት ፈጥራ ብትናገር ግን ይታመናል። ሁሉም እፎይ ይላል፤ ልጁም ምናልባት ሐቀኛ ናት ብላ አባቷን ትተወው ይሆናል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ።

ዋጠችው።

«የለም» አለች።

 ጋሽ መስመር ፊቱን ከእሷ አዙሮ ወደ ግድግዳው አደረገ። ሰዎቹ የተከፋ መሰላቸው፤ ምላጭ ግን ታውቃለች፣ በዓይኑ ዳር እሷን እያየ ነው። ለረጅም ጊዜ አያት።

«ድገሚው» አላት።

«የለም ጋሼ። ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። አንዲት ውሸት ልጨምርበት ዳድቶኝ ነበር፤ እሱንም ተውኩት። ይሄን ማጅራት እኔ ሠርቼው ቢሆን ኖሮ ሰው እየጠራሁ አሳየው ነበር።»

ጋሽ መስመር መስታወቱን ቦታው ላይ አስቀመጠ፣ ጥቁሩን ጨርቅ አራገፈ፣ በጥንቃቄ አጠፈው። ከዚያ ልጁ ወደተቀመጠችበት ዞረ።

«እሷ የለም ካለች፣ የለም» አላት።

ልጁ መጀመሪያ አባቷን፣ ቀጥሎ ምላጭን አየች። ጎንበስ ብላ ከሁለቱ ሻንጣዎች አንዱን ወደ አባቷ እግር ገፋ አደረገችው።

«እሺ አባዬ» አለችው፣ እያለቀሰች። «ነገ ብቻዬን እሄዳለሁ።»